አርባ ሦስተኛው ቀን

«አይወጡም» አለች ዴልፊና፣ ዓይኗን ከዛፉ ጎሬ ሳትነቅል። «ዛሬም አይወጡም፣ ነገም አይወጡም።»

ባልታሳር ፊልም ሊሠራ የመጣ ሰው ነው። ከጎኗ ቆሞ እሱም ሽቅብ ያያል። ዛፉ ያረጀ ነው፤ ግንዱ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ካልተያያዘ አይታቀፍም። ከመሬት አሥራ ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ድሮ አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ በወደቀበት ቦታ፣ እንጨቱ ውስጥ ለውስጥ በስብሶ ጎሬ ሆኗል። የጎሬው አፍ ጠባብ ነው። ጠርዙ በስንት ዓመት የላባ ፍትጊያ ለስልሶ እንደ አሮጌ የበር እጀታ ያብለጨልጫል። ከዚያ ጨለማ ውስጥ አንድ ምንቃር ብቅ ብሏል፤ ገና ያልረዘመ፣ ቢጫው ያልጠራ፣ ጫፉ ላይ የፍሬ ጭማቂ የደረቀበት። ጫጩቱ ወደ ታች አየ፣ ወደ ሰማይ አየ፣ ተመልሶ ገባ።

«ስንተኛ ቀናቸው ነው ያሉኝ፣ ዶኛ ዴልፊና?»

«አርባ ሦስተኛ።»

«ላባቸው እኮ ሞልቷል።»

«ላባ መሙላትና ክንፍ መጽናት አንድ አይደለም፣ ሴኞር። አራት ቀን ይቀራቸዋል። ምናልባት አምስት።»

ሰውየው በእርጥብ ካፖርቱ ውስጥ ትከሻውን ሰበቀ። አራት ቀን የለውም። ጀልባው ነገ ጎሕ ሲቀድ ይነሳል፤ ከታችኛው ከተማ መኪና፣ ከመኪናው አውሮፕላን ይጠብቀዋል። በመንደሩ አሥራ ዘጠኝ ቀን ከርሟል። ወፎቹ ተራ እየተቀባበሉ ሲመግቡ ቀርጿል። አባትየው ጉሮሮውን ፍሬ ሞልቶ መጥቶ አንድ በአንድ እያወጣ ሲያጎርስ ቀርጿል። ዝናብ ሲወርድ እናትየው የጎሬውን አፍ በጀርባዋ ደፍና ስትቀመጥ ቀርጿል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጫጩቱ የመጀመሪያ በረራ። ያለ እሱ ፊልሙ መጨረሻ የለውም፤ ይህን ቢያንስ በቀን ሦስት ጊዜ ይናገራል።

በካያፓስ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ይህን ወፍ ቱካን አይሉትም። ቱካን የመጽሐፍ ስሙ ነው። እነሱ የሚጠሩት በጩኸቱ ነው፦ እግዜር-ይስጥህ። ማለዳና አመሻሽ ላይ ከረጅም ዛፍ ጫፍ ተቀምጦ፣ ያን ከአካሉ የማይመጣጠን ምንቃር ወደ ሰማይ እየወረወረ ሲጮህ ልክ እንዲህ የሚል ይመስላል። ዴልፊና በልጅነቷ ሥጋውን በልታለች፤ አባቷ አዳኝ ነበሩ። አሁን ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከወንዙ ላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው ስለዚህ ወፍ የሚጠይቅ ሰው የሚላከው ወደ እሷ ነው። እንቁላሉ በስንት ቀን እንደሚፈለፈል፣ ጫጩቱ ዓይኑ ሳይገለጥ ራቁቱን ተወልዶ በተረከዙ ወፍራም ቆዳ ላይ ቁጭ ብሎ እንደሚያድግ፣ ወላጆቹ ሲተኙ ምንቃራቸውን ጀርባቸው ላይ አጋድመው ጅራታቸውን እንደ ክዳን እንደሚደርቡበት ታውቃለች። ማን እንዳስተማራት ሲጠይቋት «ቁጭ ብዬ አይቼ» ትላለች። ለምን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቁጭ ብላ እንዳየች ግን ተናግራ አታውቅም።

ወንድሟ ቴልሞ የካሜራውን ማቆሚያ በትከሻው፣ አንድ የተወጠረ ከረጢት በጀርባው ይዞ ከኋላ ደረሰ። ሲያልፍ ዓይኗን ሸሸ።

«ምን አጭቀህ ነው እንዲህ የተሸከምከው?» አለችው።

«ምሳ።»

«ለስንት ሰው?»

«ይርበኛላ!» አለና ሄደ። ቴልሞ ከሰው ጋር ከተሳሳቀ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ስለዚህ ቃሉ ማጠሩ አልገረማትም።

ባልታሳር በለሰለሰ ድምፅ አንድ ነገር ለመናት። ከጅረቱ ማዶ ያለው ቀይ ፍሬ የሚያፈራው ዛፍ በስሎ፣ ወፎችም ሰብስቦ እንደሆነ፣ እሷ ሄዳ ብታይለት። «ከእርስዎ ዓይን የሚበልጥ የለም» አለ። ዴልፊና ሙገሳ አይጥማትም፤ ጥያቄው ግን ደግ መሰላት። ከጎሬው ዞር የሚያደርገው ማንኛውም ሐሳብ ደግ ነው። ቆንጨራዋን አንስታ ሄደች።

መንገዱ ጭቃ ነው። የሌሊቱ ዝናብ ቆሟል፤ ከቅጠል ወደ ቅጠል የሚንጠባጠበው ውሃ ግን ገና አላባራም። ጅረቱን በወደቀ ግንድ ላይ ተሻግራ ግማሽ ሰዓት ያህል ከሄደች በኋላ ዛፉ ሥር ደረሰች። ፍሬው በስሏል። ቅርፊቱ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በቀይ መረብ የተጠቀለለው ፍሬ ከውስጡ እንደ ፍም ይታያል። አምስት ቱካኖች በቅርንጫፎቹ ላይ ናቸው። አንዱ ከወፍራሙ ላይ ተቀምጦ ምንቃሩን ቀጭኗ ጫፍ ድረስ ዘረጋ፤ ክብደቱን የማትችለዋን ቅርንጫፍ ሳይነካ ፍሬዋን ብቻ በምንቃሩ ጫፍ ነጠቀ። ራሱን ወደ ኋላ ወረወረው። ፍሬዋ አየር ላይ ተንሳፍፋ ጉሮሮው ውስጥ ገባች። ሌላው፣ ቀደም ብሎ የዋጠ መሆን አለበት፣ ቀዩዋ መረብ ከላይዋ ተገፍፋ የቀረችውን ፍሬ ንጹሕ አድርጎ ተፋት። ፍሬዋ ዴልፊና እግር ሥር ወደቀች። ይህ ዛፍ እንዲህ ነው ልጆቹን ከራሱ ጥላ የሚያርቀው፤ በሌላ ፍጡር ጉሮሮ።

ቆማ እየቆጠረች ሳለ ከረጢቱ ትዝ አላት።

ምሳው ሙዝና ዓሣ ነው። ሙዝና ዓሣ በቅጠል ይጠቀለላል፤ ይጠፈጠፋል እንጂ እንደዚያ ክብ ሆኖ አይወጠርም። ጠዋት ከቤት ስትወጣ የቴልሞን በረንዳ አልፋ ነበር። መረቡ ተሰቅሏል። መቅዘፊያው ተሰቅሏል። የኮኮናት ዛፍ የሚወጣበት ገመድ የሚንጠለጠልበት ሚስማር ግን ባዶ ነበር። አይታው ነበር። አይታ ምንም አላሰበችም።

ሮጠች።

የወደቀውን ግንድ እንዴት እንደተሻገረች አታውቅም። ከጅረቱ ወዲህ የወፉ ድምፅ ደረሳት። ዝማሬው አልነበረም። ሲርበተበት የሚያወጣው ዝቅ ያለ፣ እንደ አሮጌ የበር ማጠፊያ የሚንቋቋ ድምፅ ነው፤ በመሃሉ ምንቃር ከእንጨት ጋር ሲጋጭ ቋ፣ ቋ ይላል። ያንን ድምፅ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ሰምታዋለች። አዳልጧት ወድቃ ተነሳች፤ ጭቃዋን ሳትጠርግ ከቁጥቋጦው ወጣች።

ሰዎቹ ከትልቁ ዛፍ ሥር አንድ ቅርንጫፍ ቆርጠው መሬት ላይ ተክለዋል። ሥሩን በድንጋይ አስደግፈው፣ ጫፉን በአበባና በእርጥብ ቅጠል ሸፍነዋል። በካሜራው መስኮት ለሚያየው ሰው የጫካው አናት ይመስላል። በቅርንጫፉ ላይ ጫጩቱ ተቀምጧል። ተረከዙን ሰብስቦ፣ ክንፉን ከጎኑ ነጥሎ፣ ምንቃሩን ከፍቶ ያለከልካል። የግራ እግሩ ዓሣ በሚያጠምዱበት ናይሎን ከእንጨቱ ጋር ታስሯል። ከቅርንጫፉ ሥር የፕላስቲክ ባልዲ አለ፤ አፉ በቴልሞ ሸሚዝ ተሸፍኗል፤ ሸሚዙ ይንቀሳቀሳል። ቴልሞ ከወገቡ በላይ ራቁቱን፣ ገመዱን በትከሻው አጣምሮ ከባልዲው አጠገብ ተቀምጧል።

ከላይ ሁለቱ ወላጆች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። የአንደኛው ጉሮሮ በያዘው ፍሬ አብጧል። ያመጣውን የሚሰጥበት ቦታ አጥቷል።

ባልታሳር እርምጃዋን ሰምቶ፣ ሳይዞር፣ መዳፉን ወደ ኋላ ዘረጋ። ጸጥታ እንዲሆን ነው። እየቀረጹ ናቸውና።

ዴልፊና ቁጣ እንደሚያስጮህ ነበር የምታውቀው። ይህኛው ግን አላስጮኻትም፤ ጆሮዋን ደፈነው። ያን የተዘረጋ መዳፍ ብቻ ታያለች። ንጹሕ ነው። አሥራ ዘጠኝ ቀን ጭቃ ውስጥ ከርሞ እንኳ ጥፍሩ ሥር አፈር የለም። በመዳፉ አጠገብ አልፋ፣ በካሜራው ፊት ሄዳ ቅርንጫፉ ጋ ቆመች።

«ዶኛ ዴልፊና፣ አንድ ደቂቃ ብቻ። ብርሃኑ ሊያመልጠን ነው።»

«ፍታው።»

«እንደጨረስን ሁሉንም እንመልሳቸዋለን። ቴልሞ ቃል ገብ—»

«ፍታው አልኩህ!»

አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንቱ ስትለው የከረመችው ሰው ነበር። አንቱታው ከአፏ ሲወድቅ ሁሉም ሰሙት። ካሜራዋን የያዘችው ሬናታ፣ ቃል ሳትናገር የምትውል ልጅ፣ ዓይኗን ከመስኮቱ ላይ አነሳች፤ ከዚያ መልሳ አስጠጋችው።

ማንም ስላልተንቀሳቀሰ ዴልፊና ራሷ ጎንበስ ብላ ናይሎኑን በቆንጨራዋ ስለት በጠሰችው። ጫጩቱ ጣቷን ነከሳት። የምንቃሩ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ አለው፤ ደሟ ወዲያው መጣ። የሱም እግር ደምቷል፤ ናይሎኑ ቆዳውን አልፎ ገብቷል። ከደረቷ አስጠጋችው። ልቡ በጣቶቿ መካከል ሊቆጠር በማይችል ፍጥነት ይመታል፤ ምንቃሩ ደግሞ ከሌላው አካሉ ይልቅ ትኩስ ነው። ጭንቀቱን ሙቀት አድርጎ በዚያ በኩል እያስወጣው ነው።

«ይስሙኝ» አለ ባልታሳር። ድምፁን አልጨመረም፤ መጨመር የማያስፈልገው ሰው ነው። «ክፉ ሰው አይደለሁም። ይህን ፊልም የሚያየው ሰው ጫካ ረግጦ አያውቅም። ያላየውን ደግሞ አይወድም። ይህ ጫጩት ሲበር ካየ ግን ይወደዋል። ከወደደው ደግሞ ይህ ዛፍ እንዲቆረጥ አይፈቅድም። ለአንድ ደቂቃ ማስመሰል ነው። ለእነሱው ጥቅም!»

«በውሸት የሚወደንን ሰው ምን ላድርገው?»

«ዶኛ—»

«ለእነሱ ጥቅም አልክ? ቀና በል። ቀና በልና እያቸው። ጥቅማቸውን ይነግሩህ የለ?»

ባልታሳር ቀና አላለም። ካፖርቱን ቆለፈ። ሲናገር እንደ ነጋዴ ነበር። «እንግዲያው በግልጽ እንነጋገር። ሞተሩ የፊልሙ ስጦታ ነው። ፊልም ከሌለ ሞተር የለም። ይህን ለመንደሩ እርስዎ ይነግሩልኛል።»

ሞተሩ ከመሰብሰቢያው ቤት ወለል ሥር በሳጥኑ ውስጥ ተቀምጧል። አርባ የፈረስ ጉልበት አለው። የሕዝብ ታንኳ ላይ ተገጥሞ የታመመ ሰው ወደ ታችኛው ከተማ ሊያወርድ ነው የመጣው። ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ ሳጥኑን መታ መታ አድርገው ያልፋሉ፤ አሮጊቶች እርጥበት እንዳይገባው የሙዝ ቅጠል አልብሰውታል።

ቴልሞ ያኔ ተነሳ። እስካሁን መሬት መሬት ሲያይ ነበር፤ ሲነሳ ግን እሷን እያየ ነው።

«ሰማሽ? ሰማሽ ወይ እታለም? ደስ አለሽ?»

«አንተ ዝም በል። ምሳህን ብላ።»

«አልበላም! አልበላም እኔ!» በእግሩ ከረጢቱን ረገጠው። «ሚስቴ ኒየቬስ እዚያች ታንኳ ውስጥ ስትሞት መቅዘፊያውን የያዝኩት እኔ ነኝ። አንቺ አልነበርሽም። አምስት ሰዓት ቀዘፍኩ። 'ደረስን ወይ?' ትለኛለች፣ 'ደርሰናል' እላታለሁ። ገና ሁለተኛውን መታጠፊያ አላለፍንም እኮ! 'ደርሰናል' እላታለሁ። በሆዷ የያዘችውን ይዛ…» እጁን ወደ ወንዙ ወረወረ። «ሞተር ቢኖር በአንድ ሰዓት ነው። በአንድ ሰዓት! ለሦስት ወፍ ብለሽ?»

ዴልፊና ጫጩቱን ይበልጥ አስጠጋችው።

«ደግሞስ» አለ ቴልሞ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ፤ ዝቅ ሲል ነው የከፋው፤ «ደግሞስ የምትቆጪው አንቺ ማን ሆነሽ ነው? ከዚሁ ጎሬ አውጥተሽ የሸጥሻቸው ማን ነበረች? ንገሪያቸዋ! የወፍ እናት!»

ባልታሳር ፊቷን አየ፤ ፈገግታ የመሰለ ነገር በከንፈሩ ጥግ መጣ፤ አልጨረሰውም። ይህን ሁሉ ዓመት ከወንድሟ ሌላ ይህን የሚያውቅ አልነበረም። እሱም ቢሆን ምሎላት ነበር።

ዴልፊና ወደ ካሜራው ዞረች።

«ሬናታ፣ በርቷል?»

«በርቷል» አለች ልጅቱ።

«ስሜ ዴልፊና ኪንዮኔስ ነው» አለች ለመስታወቱ ክብ ዓይን። «ይህ ጫጩት በራሱ አልወጣም። ወንድሜ ነው በገመድ ወጥቶ ያወጣው። እግሩ በናይሎን ታስሮ ነበር፤ ይኸው፣ ተመልከቱ። ሁለቱ ወንድሞቹ ባልዲ ውስጥ ናቸው። ይህ ቅርንጫፍ ዛፍ ላይ አይደለም ያለው፤ ድንጋይ ነው የያዘው። ሊያሳዩአችሁ የነበረው በረራ ይህ ነው።»

«ሬናታ፣ አጥፊው» አለ ባልታሳር።

«አሥራ አንድ ዓመት ይሆነዋል፤ ጎርፍ ሙዛችንን የወሰደ ጊዜ አንድ ነጋዴ በታንኳ መጣ። ጫጩት እገዛለሁ አለ። እኔ ራሴ ወጥቼ ከዚህ ጎሬ ሁለት አወጣሁ። አንዱ ከተማ ሳይደርስ ጭኔ ላይ ሞተ። ምንቃሩ ትኩስ ነበር፣ በረደ፤ ሌላ ነገር አላደረገም። ሌላውን ሸጥኩት፤ የት እንደደረሰ አላውቅም። እናትና አባቱ ሁለት ቀን እዚህ ሲዞሩ ከረሙና ሄዱ። አራት ዓመት ይህ ጎሬ ባዶ ነበር። አራት ዓመት እየመጣሁ ባዶ ጎሬ አይቻለሁ።»

«አጥፊው አልኩሽ!»

የካሜራዋ ትንሽ ቀይ መብራት አልጠፋችም።

«የሚቆጣ ሰው ንጹሕ መሆን አለበት የሚል ካለ፣ እኔ ንጹሕ አይደለሁም። ተቆጥቻለሁ ግን። እሱ ላይም ተቆጥቻለሁ፣ ወንድሜ ላይም ተቆጥቻለሁ፣ የሰው ነፍስና የወፍ ጫጩት በአንድ ሚዛን አስቀምጦ ምረጪ ባለኝ ሁሉ ላይ ተቆጥቻለሁ። ሞተሩን ልትሰጡን ትችሉ ነበር። ዝም ብላችሁ ልትሰጡን ትችሉ ነበር።»

ይህን ብላ ከካሜራው ፊት ወጣች።

ባልታሳር አልጮኸም። ወደ ሬናታ ሄዶ እጁን ዘረጋ። ልጅቱ ካሜራውን ከማቆሚያው ላይ እየፈታች፣ ማንንም ሳታይ፣ «ካሜራው የራሴ ነው» አለች። ሰውየው ጥቂት ጠበቀ፤ እጁን መልሶ ኪሱ ከተተ። «ሳጥኑን ወደ ጀልባው መልሱት እላቸዋለሁ» አለ ለዛፎቹ ይሁን ለሰዎቹ በማይለይ አነጋገር። «ዛሬውኑ እንነሳለን።» በጭቃው መንገድ ሄደ። ሬናታ ማቆሚያውን በትከሻዋ ይዛ ተከተለችው። ከዴልፊና አጠገብ ስትደርስ የምትቆም መስላ ነበር፤ አልቆመችም።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ፤ ላይ ደግሞ ሁለቱ ወፎች።

ዴልፊና ጫጩቱን ከወንድሞቹ ጋር ባልዲው ውስጥ አስቀምጣ፣ ገመዱን ከቴልሞ ትከሻ ላይ ገፍፋ ወሰደች። ግንዱን ከበበችበት፤ ወገቧን አሰረች፤ እግሯን አስደገፈች። ያኔ አርባ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ እንደ ጦጣ ነበር የወጣችው። አሁን ከሁለት ሜትር በላይ ስትደርስ ጭኗ ተንቀጠቀጠ፤ እርጥቡ ግንድ አዳለጣት፤ ደረቷን እየፋቀ መለሳት። እንደገና ወጣች። እንደገና ተመለሰች። ሦስተኛ ጊዜ ገመዱን ወደ ላይ ስትወረውር እጅ መጥቶ ያዘው።

«ትወድቂያለሽ» አለ ቴልሞ።

«ልውደቃ።»

«አምጪው።»

«እንደገና እጅህ እንዲነካቸው አልፈልግም።»

«በሌላ ሰው እጅ አይወጡም፤ ሌላ ሰው የለም። አምጪው አልኩሽ፣ አንቺ ደረቅ!»

ከእጇ ነጠቃት። ባልዲውን በወገቡ አንጠልጥሎ፣ በየመሃሉ እየተራገመ ወጣ። ጎሬው አፍ ላይ ሲደርስ ወፎቹ እስከ ራሱ ድረስ ቀረቡ፤ አንዱ በክንፉ ጆሮውን መታው። ክንዱን እስከ ብብቱ ከትቶ አንደኛውን አስገባ። ሁለተኛውን አስገባ። ሦስተኛው፣ እግሩ የደማው፣ ከባልዲው አልወጣም ብሎ ታገለው፤ ከታች ሆና የቴልሞን ትከሻ ብቻ ታያለች፤ ትከሻው ቆመ፣ ቆየ፣ ከዚያ በዝግታ ወደ ጎሬው ዞረ። ሲወርድ ክንዱ ከክርን እስከ አንጓ ተቧጭሯል። ገመዱን ጠቅልሎ መሬት ላይ ወረወረው።

ወላጆቹ ተመልሰው ይመግቧቸው እንደሆነ ለማየት ራቅ ብለው በአንድ ቅጠለ ሰፊ ተክል ሥር ተቀመጡ። ተለያይተው መቀመጥ ሁለቱም ፈልገው ነበር፤ ከዝናብ የሚያስጠልለው ግን ያ አንድ ቦታ ብቻ ነው። ዝናቡም ሳይዘገይ መጣ።

ከወንዙ በኩል የጀልባው ሞተር ድምፅ ተነሳ። ቴልሞ አንገቱን አቀና። ድምፁ ሽቅብ ከፍ አለ፣ ዞረ፣ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። የመጀመሪያውን መታጠፊያ እስኪያልፍ ድረስ አዳመጠው።

«ጭነውት ሄዱ።»

«አታውቅም።»

«አውቃለሁ። ያልተጫነ ጀልባ እንዲህ አያቃስትም።»

ዴልፊና የተነከሰ ጣቷን በቀሚሷ ጠቀለለች። ነገ በመንደሩ ውስጥ ስታልፍ የሚሆነውን ታውቃለች። አሮጊቶቹ ሰላምታዋን አይመልሱም። የሙዝ ቅጠሉ ከወለሉ ሥር ባዶውን ተበትኖ ይታያታል። የሚቀጥለው ሰው ሲታመም፣ ማንም ይሁን ማን፣ ታንኳው ሲነሳ ሁሉም ዞሮ የሚያየው እሷን ነው። ይህን ሁሉ ስታስብ ይጸጽታት እንደሆነ ልቧን ፈተሸችው። ያገኘችው ቁጣ ብቻ ነው፤ አልበረደም፤ እንዲያውም አሁን ቦታ አግኝቶ በደንብ ተቀምጧል።

«ኒየቬስን እኔም እወዳት ነበር» አለች።

«ስሟን አትጥሪ።»

«ቴልሞ…»

«ዛሬ አትጥሪው። ሌላ ቀን ጥሪው። ዛሬ ግን አፍሽ ላይ እንዳልሰማው።»

አልጠራችውም። ዝናቡ ለረጅም ጊዜ ጣለ። ወላጆቹ ከማዶው ዛፍ ላይ፣ ከጎሬው ፊት ለፊት፣ ላባቸውን ነፍተው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከጎሬው ምንቃር አልወጣም። ከጎሬው ድምፅም አልወጣም። አንድ ጊዜ ቴልሞ ሊነሳ ፈለገ፤ ዴልፊና በእጇ አስቆመችው፤ ከተንቀሳቀሱ ወፎቹ ይሄዳሉ። ጉንዳኖች በቅልጥሟ ላይ መንገድ አበጅተው ያልፋሉ። አላራገፈቻቸውም።

ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ወደ አረንጓዴነት ሲያዘነብል አንደኛው ወፍ ተነሳ። የት እንደሄደ አላዩም። ሲመለስ ግን አዩት፦ ጥቁር፣ ደረቱ ቢጫ፣ ክንፉን ጥቂት መትቶ እየሰመጠ፣ ጥቂት መትቶ እየሰመጠ መጣና የጎሬውን ጠርዝ በጥፍሩ ያዘ። ጅራቱን ከግንዱ ጋር አጣበቀ። በምንቃሩ ጫፍ አንዲት ቀይ ፍሬ አለች። አንዱን ዓይኑን ወደ ታች፣ ወደ እነሱ አዘነበለ። ረጅም ጊዜ አያቸው። የዴልፊና እጅ የወንድሟን አንጓ ጨብጦ ነበር፤ መቼ እንደያዘችው አታውቅም፤ እሱም አላስለቀቀም።

ወፉ ራሱን ወደ ጎሬው አስገባ። ትከሻው ተከተለ። ከውጪ የቀረው ጀርባውና ከጅራቱ ሥር ያለው ቀይ ላባ ብቻ ነው። ከውስጥ ድምፅ ወጥቶ እንደሆነ ዝናቡ አላሰማቸውም። ጀርባው አንዴ ተነቃነቀ፤ ቆመ፤ ሁለተኛ ተነቃነቀ። ከዚያ ወጣ።

ምንቃሩ ባዶ ነው።

ጠርዙ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ምንቃሩን በግንዱ ላይ ግራና ቀኝ ጠረገ፤ ራሱን ለጫካው ጥሎ በረረ።

«አጉርሷቸው ነው» አለ ቴልሞ በሹክሹክታ፤ «ወይስ ራሱ ውጦት?» ከጠዋት ወዲህ ያለ ቁጣ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

«አላየሁም።»

«አንቺ እንኳ?»

«ከዚህ አይታይም፣ ቴልሞ።»

ቴልሞ አልተነሳም። ከማዶው ዛፍ ላይ ሁለተኛዋ ወፍ ላባዋን አራገፈች፤ ወደ ጎሬው አየች፤ ወደ እነሱ አየች፤ ገና አልተነሳችም።